ቆጥረሽ የሰጠሽኝ ፀጉር

ናዝሬት፣ ግንቦት 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለጡት እናቴ፣ ደራ።

አዮ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ዝናብ ሲጠጋ ይነዘንዘኛል ብለሽ ልከሽብኝ ነበርና አሁን አሁን ሰማዩ ሲጠቁር ባየሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። ቦራዋ ላም ወለደችልሽ? የጓሮው ጎመን ከእትዬ ተሻለች ፍየሎች ተረፈ? ፋሲካንስ እንዴት ዋልሽ? እመጣለሁ ብዬ መቅረቴን አልረሳሁም። ከናዝሬት ደራ በሎንቺና ስንት መንገድ ነው? እኔ ግን ከመስቀል ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ቀረሁ። ሥራ አልበዛብኝም። ዛሬ የምጽፍልሽ የቀረሁበትን ምክንያት ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው ደብዳቤ ላይ ሌላ ስለማይባል ነው።

ደብዳቤውን መጀመሪያ በአንቱ ጀምሬው ነበር፤ ቀደድኩት። ከጀርመን የተመለስኩ ሰሞን አንቱ ብዬሽ የተቆጣሽው ትዝ አለኝ። እናቱን አንቱ የሚል ልጅ ጡቷን የረሳ ነው ብለሽ ምሳዬን ከፊቴ ልታነሺ ምንም አልቀረሽም ነበር። ስለዚህ አንቺ እልሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺ የማለት መብቴን ብትነሺኝ አልቀየምም።

ሰው ጠርተሽ አታስነብቢው፣ እባክሽ። ለዚሁ ብዬ ፊደሉን አጉልቼ፣ ቃሉን ከቃሉ አራርቄ ነው የጻፍኩት። መሠረተ ትምህርት ከተማርሽ ወዲህ በጣትሽ እየተከተልሽ እንደምታነቢ፣ ከባድ ቃል ሲገጥምሽም ቆም ብለሽ የጻፈውን ሰው እንደምትሳደቢ ወንድሜ ፈዬራ ነግሮኛል። እዚህ ውስጥ ከባድ ቃል የለም። የከበደው ነገሩ ነው።

የምታውቂውን ነገር መልሼ ልንገርሽ፤ ጥፋተኛ ሰው ከሩቅ መጀመር ይወዳል። አባቴ ከመንዝ ተዛውሮ ደራ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለ እናቴ በወለደችኝ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አንቺ ፈዬራን ከተገላገልሽ ሁለት ሳምንትሽ ነበር። ዘመድ ሳንሆን፣ ማንም ሳያስገድድሽ፣ ቀኙን ለእሱ ግራውን ለእኔ ብለሽ ደለደልሽን። ፈዬራ ካደገም በኋላ በዚህ ያሾፍብኝ ነበር። ግራው ወተት ወፍራም ስለነበረ ነው አንተን ትምህርት የገባህ፣ ለእኔ ውሃ ውሃውን ነው የሰጠችኝ ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀኝ የእጅ ወገን ነው፣ አንተ በእጅህ ታውቃለህ እለው ነበር። ቀልዴ እውነት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው።

መሐንዲስ ሆኜ ወደምሠራበት ዘይት ፋብሪካ ፈዬራን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በ1976። ያኔ መርቀሽኝ ነበር። ኑግ መቁያው ላይ ተመደበ። ስለ ሥራው እያጋነነ ሲነግርሽ ኖሯል፤ እኔ ሳላጋንን ልንገርሽ። ኑግ ከመጨመቁ በፊት በትልቅ በርሜል ውስጥ በእንፋሎት ይቆላል። ቁሌቱ ካነሰው ዘይቱ አይወጣም፣ ፋጉሎው ውስጥ ቀርቶ ለከብት ይሄዳል። ከበዛው ይጠቁራል፣ ይመራል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ በጣም ጠባብ ናት። እሷን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው በፋብሪካው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ፈዬራ ከበርሜሉ አንድ እፍኝ ያወጣና በጡጫው ጥብቅ አድርጎ ይጨብጣል፣ ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ይገለብጠዋል። ሰባት ስምንት ፍሬ መዳፉ ላይ ከቀረ ደርሷል። ሃያ ከቀረ ገና ነው። አንድም ካልቀረ አርሯል። የቀሩት አምስቱ የመቁያው ሠራተኞች የተማሩት ከእሱ ነው፤ ሲቸግራቸውም ከቤቱ ያስጠሩት ነበር።

እኔ ጀርመን አገር አራት ዓመት የተማርኩት ደግሞ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማሽን እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ሰው ሳይነካው ራሱን የሚቆጣጠር፣ ሲሳሳት ራሱን የሚያርም ፋብሪካ። አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ አስተማሪ ነበረኝ። ጥሩ ማሽን ማለት ስንት ሠራተኛ ይፈልጋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሠራው ሰው ሳይሸማቀቅ ዜሮ ብሎ የሚጽፍለት ነው ይለን ነበር። ቃሉን እንደ ዳዊት ስደግመው ኖሬያለሁ።

በ1977 መቁያውን እንዲህ ያለ ማሽን ላደርገው ተነሳሁ። ሦስት ወር ከፈዬራ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የእንፋሎቱን ቫልቭ በነካ ቁጥር ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ምን ያህል እንዳዞረው በደብተር ጻፍኩ። ጓድ መሐንዲስ ኑዛዜዬን እየተቀበለኝ ነው እያለ ለአላፊ አግዳሚው ይነግር ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ከዚያ ከአሮጌ ሞተር፣ ከተጣለ ቫልቭና ከጀርመን ይዤው ከመጣሁት የሙቀት መለኪያ ማሽኑን ገጣጠምኩት። አልሠራም። ጠዋት ጥሬውን ይለቃል፣ ከሰዓት በኋላ ያሳርራል። ከዓመት በላይ ራሴን በላሁ። ምግብ አስጠላኝ፤ ከፈዬራ በቀር ሰው መሳቂያ ያላደረገኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ፈዬራ በመስኮቱ አጠገብ በሁለት ምስማር መካከል የተወጠረ የጆንያ ክር አሳየኝ። በየቀኑ አየው ነበር፤ ቆሻሻ ነበር የሚመስለኝ። ጠዋት ከቆቃ ሐይቅ በኩል እርጥብ አየር ሲመጣ ክሩ ይገተራል፣ ከሰዓት የናዝሬት ንፋስ አቧራውን ይዞ ሲነሳ ይላላል። ፈዬራ ቫልቩን ከመንካቱ በፊት ክሩን በጣቱ እንደ ክራር መታ ያደርገዋል። ማሽኔ ሙቀቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው፣ አየሩን አያውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። የተማረ ሰው የማያውቀው አልመሰለኝም አለ።

ርጥበት የሚለካው ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣ። ለበላይ አካል ጻፍን፤ የውጭ ምንዛሪ የለም ተባለ። መጽሐፍ ገለጥኩ። የድሮ ሰዎች በሴት ፀጉር ይሠሩት ነበር፤ ፀጉር ርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። መጽሐፉ የፈረንጅ ሴት ፀጉር፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ ይላል። ለፈዬራ ባነብለት፣ የእናታችን ሽበት ምን ጎድሎት አለኝ።

አንቺ እንቢ አልሽ። ልክ ነበርሽ፣ አዮ። ፀጉርና ጥፍር የሰጠ ሰው ራሱን ነው የሰጠ አልሽ። ፈዬራ ሁለት እሁድ ተመላለሰብሽ፤ እሳት እንደማይነካው፣ ባዕድ እጅ እንደማይገባ ማለልሽ። በመጨረሻ ሹሩባሽን ፈትተሽ፣ በሳሙና አጥበሽ፣ ረጃጅሙን እየመረጥሽ አሥራ ሦስት ዘለላ በጥቁር ክር አስረሽ ላክሽልን። ከፀጉሩ ጋር ቃልሽን ላክሽ። ቆጥሬ ሰጥቻችኋለሁ፣ ቆጥራችሁ መልሱልኝ አልሽ።

አሥራ ሁለቱ ይበቁኝ ነበር። ክብደት አንጠልጥዬባቸው አንድ ሳምንት ቀጥ እንዲሉ አደረግኋቸውና ማሽኑ ውስጥ አስገባኋቸው። አሥራ ሦስተኛዋን ፈዬራ ወሰዳት። ማሽኑ ሠራ። የመጀመሪያው ቀን ፈዬራ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ዋለ። ከዚያ አላስችል ብሎት አንድ እፍኝ አወጣ፣ ጨበጠ፣ ገለበጠ። ሰባት ፍሬ ቀረ። መዳፉን ለእኔ ዘርግቶ እያሳየኝ እንባው መጣ፤ የእኔም መጣ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጠዋት ሲገባ አከም ቡልቴ፣ አዮ እያለ ማሽኑን ሰላም ይል ጀመር። እናታችን እዚህ ውስጥ አለች ይላቸው ነበር ለሰዎቹ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

በየካቲት 1980 ስለ አዲሱ ማሽን የሚሞላ ቅጽ መጣ። ቀድሞ ስንት ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር ይላል፤ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። አሁንስ ስንት ያስፈልጋል ይላል። ብዕሬን ይዤ ፈዬራን አየሁት፤ በየፈረቃው አንድ ጠባቂ ልበል ወይ አልኩት። ሳቀብኝ። ማሽኑ ጠባቂ ምን ያደርግለታል፣ ሌባ ነው እንዴ አለ። መንግሥት ሠራተኛ አያባርርም፤ ማኅበር አለን፤ ቢበዛ ወንበር ይሰጡንና ተቀምጠን እናታችንን እናጫውታለን አለ። እኔም የመሰለኝ ይኸው ነው። በእኛ ፋብሪካ ሥራ አለቀ ተብሎ የተሰናበተ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሌላ አገር ያለ ሠራተኛ ያንን ቁጥር ሲያይ ብርድ ብርድ ይለው ነበር፤ እኛ ግን እየሳቅን ዜሮ ብለን ጻፍን። ከሥሩም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ያለ ሰው እጅ የሚሠራ ብዬ ጨመርኩበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙ እኔ ነበርኩ።

በመጋቢትና በሚያዝያ የሆነውን አንቺም በሬዲዮ ሰምተሻል። በሰሜን ጦሩ ተመታ፣ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ተባለ። ፋብሪካውም ሰው ያዋጣ ተባለ፤ ለምርት የማያስፈልግ ሰው ይቅደም የሚል ትእዛዝ መጣ። ለምርት የማያስፈልገው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። ቅጹ ነበራቸው።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ገሠሠ ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘግቶ ሻይ አዘዘልኝ። አንድ መስመር ጻፍልኝ አለ። ማሽኑ ገና አልተፈተነም፣ አንድ የለመደ ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ ያስፈልገዋል ብለህ ጻፍ፤ በዚያ ፈዬራን አስቀርልሃለሁ፣ ለአምስቱ ግን አቅም የለኝም አለ። ወንድምህ እንደሆነ አውቃለሁ አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ስኳሩን ብቻ ያማስላል።

አንድ መስመር ነው፣ አዮ። አንቺ እንኳ በጣትሽ ተከትለሽ በአንድ ትንፋሽ የምታነቢው። ቀን ስጠኝ ብዬው ወጣሁ። ማሽኑ በላብ አደሮች ቀን በእንግዶች ፊት ሊመረቅ ነበር። የፓርቲው ሰዎች ያለ ሰው እጅ የሚሠራ የሚለውን የእኔን ቃል በቀይ ጨርቅ ላይ አስጽፈው ሰቅለውታል። አሁን ሰው ያስፈልገዋል ብል ቀድሞ ለምን ዋሸህ እባላለሁ፤ ከዚያ አሻጥረኛ ነው የምባለው። በሌላ ፋብሪካ አንድ መካኒክ ከዚህ ባነሰ ነገር አራት ወር ታስሯል። ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ መስቀል ለት መጥቼ እግርሽ ላይ ወድቄ እነግርሽ ነበር፤ አንቺ የፈራ ሰው ታውቂያለሽ፣ ትምሪያለሽ። ግን ሌላም ነገር ነበረ። ዜሮዬን ወደድኳት። ለጀርመኑ ሽማግሌ ጽፌ ነግሬዋለሁ። ለሁለተኛ ትምህርት እንድላክ ስሜ ተይዟል። ማሽኑ ሰው ያስፈልገዋል ብዬ መጻፍ የወለድኩትን ልጅ የመካድ ያህል ከበደኝ። እናም የወተት ወንድሜን ካድኩ። በማግስቱ ጓድ ገሠሠ ዘንድ ገብቼ ማሽኑ ሰው አያስፈልገውም አልኩት። እውነቴን ነበር። ዝርዝሩ ላይም እንደ መሐንዲስነቴ ፈረምኩ። የፈዬራ ስም ከላይ የመጀመሪያው ነበር።

ፈዬራ ሰምቶ መጣ። ይሰድበኛል፣ ወይም ይመታኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። በክረምት ከአርሲ እርጥብ ኑግ ሲመጣ ማሽኑ ያለ እኔ ይችለዋል ወይ አለ። ይችለዋል አልኩት። እንግዲያው ጥሩ ነው፣ ሰው ሥራውን ጀምሮ ለሌላ ሳያስረክብ መሄድ የለበትም አለ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ ለአዮ ወድጄ ነው የዘመትኩት እላታለሁ፣ አንተም እንዲሁ በላት አለኝ። ለምን ብለው፣ እናታችን በአንድ ቀን ሁለት ልጅ አትጣ አለኝ።

ዓመት ሙሉ ለጎረቤት ስትነግሪው የኖርሽው ይህን ነው። ልጄ ወዶ ዘመተ እያልሽ አንዳንዴ ትኮሪበት፣ አንዳንዴም እናቱን ትቶ ምን ይሁን ብሎ ነው እያልሽ ትረግሚው እንደነበር ሰምቻለሁ። አልወደደም፣ አዮ። እኔ ነኝ የላክሁት። እርግማኑን ከእሱ ላይ አንሺው።

የመሸኛው ዕለት አንቺም ነበርሽ። አሥራ ሦስተኛዋን ዘለላ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ሲከታት አይተሻል። ይቺን በገዛ እጄ ነው የምመልስልሽ አለሽ። መረቅሽው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ፣ ወንድምህን የምትጠብቅ ያድርግህ ብለሽ እኔንም መረቅሽኝ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና አሜን በል እንጂ አለኝ። አሜን አልኩ።

ማሽኑ እስከ ጥር ሠራ። ሲመረቅ ተጨበጨበለት፤ እኔም ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ወረቀት ተሰጠኝ፣ የት እንዳኖርኩት አላውቅም። በጥር ፀጉሮቹ መበጠስ ጀመሩ። የዘይቱ ትነት በላቸው መሰለኝ። አንዱ ሲበጠስ የቀሩት ይስታሉ፣ ማሽኑም አየሩን ይረሳል። እስከ መጋቢት አሥራ ሁለቱም አለቁ። በእጅ ይሠራ ተባለ። በማን እጅ? ከስድስቱ አንድም አልቀረ። መቁያው ላይ አሁን የምቆመው እኔ ነኝ፤ ራሴ ለምኜ ነው። ቀዩ ጨርቅ አቧራ ለብሶ ከራሴ በላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የሚያወርደው ሰው ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም። ደብተሬን ይዤ አንድ እፍኝ አወጣለሁ፣ እጨብጣለሁ፣ እገለብጣለሁ። ሰባት ፍሬ ይቀራል፤ ዘይቱ ግን ጥቁር ነው የሚወርደው። ብዙ ጊዜ ከቆየሁ በኋላ ገባኝ። የእኔ እጅ ያልበዋል፣ ፍሬው የሚጣበቀው በላቤ ነው። የፈዬራ መዳፍ ደረቅ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ስጽፍ ይህን አልጻፍኩም።

ለሁለተኛ ትምህርት የተያዘው ስሜም ቀረ። ለጀርመኑ ሽማግሌ አልነገርኩትም። ጓድ ገሠሠ በኮሪደር ሲያገኘኝ መንገድ ይቀይራል። ምን ልሁን ብዬ ሳስብ የምሆነው ነገር አይታየኝም፤ ጠዋት ተነስቼ መቁያው ላይ እቆማለሁ፣ ይኸው ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የሎንቺናው ሹፌር ኑሬ መልእክትሽን አድርሶኛል። ማሽኑ መታመሙን ሰምተሽ፣ አዲስ ፀጉር ልላክልህ ወይ ብለሻል። እሱ ይህን ሲነግረኝ ሰው ፊት መቆም አቃተኝና ወደ ቦይለሩ ቤት ገባሁ። አትላኪ፣ አዮ። ከራስሽ አንዲት ዘለላ እንዳትነቅዪ። ሹሩባሽ እስከ ቅዳሜ እንዳለ ይቆይ።

ስለ ፈዬራም ጠይቀሻል። ከታኅሣሥ ወዲህ ለምን አልጻፈም፣ አንተስ ወሬ የለህም ወይ ብለሻል። አብዱናሲርን ታስታውሺዋለሽ፤ ከስድስቱ አንዱ ነው፣ ያ በመሸኛው ዕለት ሲያስቅሽ የነበረው። ፋሲካ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ተመለሰ። እቤቱ ሄጄ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከጎኑ ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻዋ ማታ ድረስ ከፈዬራ ጋር ነበርኩ አለኝ። ልሄድ ስነሳ ከትራሱ ሥር በሲጋራ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። የሚነገር ነገር አለ፣ የሚጻፍ ነገር አለ። የእኔ ጥፋት የሚጻፍ ነው፤ ፊትሽ ቆሜ አፌ አይታዘዘኝም።

በዓሉ ይለፍ ተባለ፤ በዓሉም አለፈ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ገና ሳይነጋጋ ነው። ብቻዬን አይደለሁም። የነፍስ አባትሽ አባ ወልደአማኑኤል አብረውኝ ናቸው፣ ወንድምሽ ጆቴም ከአሰላ ይመጣል። በሩን ለእነሱ ክፈቺላቸው። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ ከግራሩ ሥር እቆማለሁ። ልጅሽ ነኝና ሰው ሁሉ ከፊት ገብቼ ከጎንሽ እንድቀመጥ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሳታውቂ አቅፈሽኝ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው። ግባ ካልሽኝ እገባለሁ። ካላልሽኝ እዚያው ቆሜ እውላለሁ፤ ለማንም ምክንያት መንገር የለብሽም። አባ ይህን ደብዳቤ መላኬን ቢሰሙ ወግ አፈረስክ ብለው ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ለደጃፍሽ ሰው አያሳጣሽ። እኔን ያሳደገች እጅሽ አትዛል። ከዚህ ሌላ ለመመረቅ አፍ የለኝም፤ ምርቃት ከአንቺ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው።

አደራሽን ግን አልረሳሁም። ቆጥረሽ ነው የሰጠሽኝ። የተበጣጠሱትን አሥራ ሁለቱን ከማሽኑ ውስጥ አንድ በአንድ ለቅሜ በዚያው በጥቁሩ ክርሽ አስሬያቸዋለሁ። ቅዳሜ አሥራ ሦስቱንም ቆጥሬ አስረክብሻለሁ።

የግራ ጡትሽ ልጅ